ከጎመኑ ራስጌ የቆመው ዕጩ

እናቴ አፈር ካልነካች ትታመማለች። ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ኖርዝ ሜልቦርን አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ስንኖር የሚያማት ሥራዋ ይመስለኝ ነበር። የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኛ ነበረች። ወገቧን የሚቆርጣት ወለል መወልወሉ ነው፣ ዝም የሚያሰኛትም ድካሙ ነው እል ነበር። ጡረታ ወጣች። ወገቧ ትንሽ ተሻላት፤ ዝምታዋ ግን ባሰበት።

እኔ ደግሞ ዝም ካለ ሰው ጋር መቀመጥ አልችልም። መቀመጥ ራሱ አልችልም። ሃይስኩል ስጨርስ «ዩኒቨርሲቲ ግቢ» ያሉኝን ሁሉ እምቢ ያልኩት ትምህርቱን ጠልቼ ሳይሆን ወንበሩን ፈርቼ ነው። የምሠራው በስተምዕራብ ባለ አንድ ትልቅ መጋዘን ውስጥ ነው፤ ቀኑን ሙሉ እሄዳለሁ፣ ዕቃ አነሣለሁ፣ አወርዳለሁ። ሺፍቴ የማለዳ ስለሆነ መንገዱ እንዲያጥርልኝ ሜልተን ቤት ተከራየሁና እማዬን ይዣት መጣሁ። ጓሮ ያለው ቤት ነው። ደስ ይላታል ብዬ ነበር።

መጀመሪያ ስታየው ደስ ብሏት ነበር፣ አልዋሽም። ከዚያ ቆፈረችው። አፈሩ ዋልካ ነው። ዝናብ ሲነካው ጫማ ያስወልቃል፣ ፀሐይ ሲነካው እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፤ ከሥሩ ጥቁር ድንጋይ ነው። ነፋሱ ደግሞ ያንን ሁሉ ሜዳ አቋርጦ ሲመጣ የሚያቆመው ነገር የለም፤ መጀመሪያ የሚያገኘው የእኛን አጥር ነው። እማዬ «ይሄ ስድብ ነው እንጂ ነፋስ አይደለም» ትላለች።

ሁለት ጊዜ ሞከረች። ፊትዝሮይ ያለው አጎቴ የሰጣትን የጎመን ዘር መጀመሪያ እዚያው መሬቱ ላይ ዘራችው። ዋልካው ደረቀበትና አንድም አልወጣ። ሁለተኛውን በባዶ የእርጎ ዕቃ ወጥ ቤት መስኮት ላይ አፈላችው። ችግኙ አምሮ ወጣ። ወደ ውጭ ባዛወረችው በሦስተኛው ቀን ነፋሱ እንደተበጠረ ፀጉር ወደ አንድ ጎን አስተኛው፤ የተረፈውን ቀንድ አውጣ ጨረሰው። እጇን ታጥባ ገባችና «መሬቱም አላወቀኝም» አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወጥ ቤት መስኮት አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ዋለች። ጠዋት ትቻት እሄዳለሁ፣ ከሰዓት ስመለስ እዚያው አገኛታለሁ።

«ውጭ እኮ ፀሐይ ወጥቷል።»

«አየሁት።»

«በላሽ?»

«ምን ሠርቼ እበላለሁ?»

በቃ። ወሬያችን ይኼው ነው። መጣላት እንኳን ብንችል ጥሩ ነበር፤ ከእማዬ ጋር መጣላት እወዳለሁ። ግን የሚጣላ ሰው መጀመሪያ መነሣት አለበት።

በዚህ መሀል ምርጫ መጣ። እዚህ አገር ምርጫ ሲደርስ አጥር ሁሉ ፊት ያወጣል። በየቤቱ ደጅ፣ በየመታጠፊያው የሚስቅ ሰው ይቆማል። ሰሌዳዎቹ ኮርፍሉት ከሚባል ፕላስቲክ የተሠሩ ናቸው፤ ሲያዩት ካርቶን ይመስላል፣ በሁለቱ ገጾቹ መሀል እንደ ሸምበቆ ቀዳዳ ቀዳዳ አለው። እኛ መጋዘን ሣጥኖችን እንለይበታለን፤ ስለዚህ ጠባዩን አውቀዋለሁ። አይበሰብስም፣ ውሃ አያስገባም፣ በከተር ይቆረጣል። በቀዳዳው መስመር ካጠፉት እንደ ደብተር ልባስ እሺ ይላል፤ ከመስመሩ ውጭ ካጠፉት ግን ይሰበራል እንጂ አይታጠፍም።

ምርጫው ካለቀ በኋላ ከሥራ ስመለስ በመንገዳችን ጫፍ ያለው ሰውዬ ቁምጣ ለብሶ ከአጥሩ ላይ ሰሌዳ እየነቀለ የቆሻሻ ቢኑ አጠገብ ሲከምር አየሁት። መኪናዬን አቆምኩ።

«ልትጥለው ነው?»

«ልጥለው ብል ማን ይቀበለኛል? አንዱም ቢን አይወስደውም። ባለቤቶቹን ደውዬ ብጠራቸው ጣለው አሉኝ።»

«እኔ ልውሰደው?»

«ካስማዎቹንም ውሰጂ» አለኝ፤ ደስታው ከኔ በለጠ። ሻንጣ ማስቀመጫውን ሞላንና አንድ ሰሌዳ ተረፈ፤ የበር ያህል ነው፣ መኪና ውስጥ አልገባ አለ። «ቤትሽ የቱ ነው?» ብሎ እሱ ራሱ ትከሻው ላይ አድርጎ ከኋላዬ መጣ። እማዬ በመስኮት ስታይ አንድ ሰው ሌላ የሚስቅ ሰው ተሸክሞ ወደ ቤታችን ይመጣል።

ከወንበሯ ተነሣች። በሩ ላይ ቆመችና ሰውዬው እስኪሄድ ጠበቀች።

«ማነው ይሄ?»

«ዕጩ ነው።»

«ማን አጨው?»

«እማዬ፣ ለምርጫ የሚወዳደር ማለት ነው። ተወዳዳሪ።»

«ሯጭ ነው?»

«አይደለም፤ የመንግሥት ሥራ…»

«ባለሥልጣን ነው በያ! ታዲያ ምን ዙሪያ ጥምጥም ትሄጃለሽ? አውጪልኝ ከዚህ። የባለሥልጣን ፎቶ ተነቅሎ የተገኘበት ቤት ምን እንደሚደርስበት አታውቂም።»

«እዚህ ምንም አይደርስበትም።»

«እዚያም መጀመሪያ እንዲሁ ነበር የሚሉት።»

አላወጣሁም። በማግሥቱ ቅዳሜ ነበር፤ ጋሼን ጠራኋቸው። ጋሼ ከእኛ ሁለት መንገድ ራቅ ብለው የሚኖሩ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው። እማዬን ያገኟት ገበያ ውስጥ በስልክ በአማርኛ ስታወራ ሰምተው ነው፤ ከዚያ ወዲህ ዘመድ ሆነውናል። እሳቸው ጴንጤ እኛ ኦርቶዶክስ፤ በጾማችን ሰሞን ሥጋ ወጥ ጥለው መጥተው ከእኛ ጋር ሽሮ ይበላሉ፣ ከዚያ «ጌታ ጾሙን አልፈለገውም» ብለው ከእማዬ ጋር ይከራከራሉ። ተሳቢ አላቸው። ተሳቢ ያለው ሰው ደግሞ ሜልተን ውስጥ ትልቅ ሰው ነው።

ተሳቢውን ሙሉ አፈርና ፍግ ይዘው መጡ። ሥራ ጀመርን። ካስማዎቹን በመዶሻ መታናቸው፤ የበልግ ዝናብ ስለነበር ዋልካው ጠጣቸው። ሰሌዳዎቹን በካስማዎቹ ውስጥ በኩል አቁመን ጥጉን አጥፈን መደብ ለመሥራት ስንል ከውስጥ መስኮቱ ተንኳኳ። እማዬ ናት። በጣቷ ታንኳኳለች፣ በአፏ የማይሰማ ነገር ትላለች። ዝም ስላት ሻርፗን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወጣች።

«ፊቱን አፈር ልታለብሺው ነው?»

«አንዱ ገጽ አፈር መንካቱ አይቀርም።»

«ሰው በቁሙ አይቀበርም። ነጩን ጀርባውን ወደ ውስጥ አድርጊው።»

«ከዚያ ፊቱ ወደ ውጭ ይሆናላ። ኋላ ደግሞ ሰው አየን ትያለሽ።»

አሰበች። እውነትም ሁለቱም አያዋጣም። ጋሼ መዶሻውን ጭናቸው ላይ አሳርፈው፣ «እትዬ፣ በድርቡ ናድርገው» አሉ። «ፊት ለፊት ገጥመን። ነጩ በውስጥም በውጭም ይሆናል። ሰውዬው ራሱን እያየ ይክረም።»

እማዬ ሳቀች። አፏን በሻርፗ ይዛ ሳቀች። መቼ ለመጨረሻ ጊዜ እንደሳቀች ለማስታወስ ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም።

ድርብ ማድረጉ ደግሞ ጠቀመ፤ ነጠላው የአፈሩን ክብደት አይችልም ነበር። ዐሥራ ሁለቱ ሰሌዳዎች ሁለት መደብ ሆኑ። ከታች የመጋዘን ካርቶን አነጠፍን፣ በላዩ አፈርና ፍግ ሞላን። ትልቁን ሰሌዳ በነፋሱ በኩል፣ ፊቱን ወደ አጥሩ አዙረን በሁለት ካስማ አቆምነው። ከቁርጥራጩ ለእያንዳንዱ ችግኝ አንገትጌ ሠራሁ፤ ቀንድ አውጣ እንዳይወጣበት። መጀመሪያ የተሳሳትኩት ክፍት የሆነውን ጠርዝ ሳልደፍን መተዌ ነው። በሳምንቱ እያንዳንዷ ቀዳዳ ውስጥ አንዳንድ ትንሽ ቀንድ አውጣ ተኝታ አገኘን። አፓርትማ ሠራሁላቸው ማለት ነው። ጠርዙን በሙሉ በዕቃ መጠቅለያ ፕላስተር ዘጋሁት። ከተረፈው የችግኝ ስም መጻፊያ ቆርጬ ለእማዬ ብሰጣት፣ «ጎመን መሆኑ ይጠፋኛል?» ብላ መለሰችልኝ።

ጎመኑ ያዘ። ክረምቱን ሙሉ ወጣ። ስመለስ ወንበሩ ባዶ ነው፤ እማዬ መደቡ ላይ ጎንበስ ብላ ቅጠል እየገለበጠች ጎመን የሚመጠውን ክሽክሽ ትፈልጋለች። ወሬ መጣ። ነጭ ቢራቢሮ ስንት ጊዜ እንደመጣ፣ የቱ ቅጠል ወደ ቢጫ እንዳዘነበለ፣ ጋሼ አንድ እስር ጎመን ወስደው «ቀጠነ» እንዳሉና እሷ ምን እንደመለሰችላቸው ሁሉ ትነግረኛለች። ወገቤን ያመኛል አትልም። መጣላትም ጀመርን፤ ውሃ አበዛሽ፣ አላበዛሁም።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ቤቱን ካከራየን ኤጀንት ኢሜይል መጣ። ኢንስፔክሽን ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ቤቱን ሊያዩ ይመጣሉ። የኪራይ ውሉን፣ ሊዙን፣ ከፈረምኩ ወዲህ አውጥቼ አላነበብኩትም ነበር፤ ያን ዕለት አነበብኩት። ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በግቢው ላይ ምንም እንዳይሠራ፣ ሣሩ እንደነበረ እንዲጠበቅ ይላል። ፈቃድ አልጠየቅሁም። መጠየቅ እንዳለብኝም አላሰብኩም። ጥፋቱ የኔ ነው።

እንዴት አድርጌ ልንገራት ብዬ መንገድ ላይ አላሰብኩም፤ እንደዚያ ዓይነት ሰው አይደለሁም። ገብቼ ነገርኳት። «ሊያዩ ይመጣሉ። ምናልባት ጎመኑን ንቀሉ ሊሉን ይችላሉ።»

ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠች።

«አፍራሾች?» አለች።

ይህን ቃል ለማያውቅ ሰው መንገር አለብኝ። የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ አዲስ አበባ ዳር የጨረቃ ቤት ነበረን። በቀን መሥራት ስለማይፈቀድ በአንድ ሌሊት ተማግሮ፣ ተመርጎ፣ ቆርቆሮ ለብሶ የሚያድር ቤት ነው። ከኋላው እማዬ ጎመን ተክላ ነበር። አንድ ጠዋት ቁርስ በልተን ሳንጨርስ አፍራሾቹ መጡ። ጎረቤታችን የነበረችው ሴትዮ በሯ ላይ የመሪውን ትልቅ ፎቶ ለጥፋለች። ሰዎቹ እፎቶው ፊት ደርሰው ቆሙ። ዲጅኖ የያዘው ጓደኛውን «አንተ አውርደው» አለው። ያኛው «አንተ አውርደው» አለው። ማንም አላወረደውም። አልፈዋት ወደ እኛ መጡ። የእኛ በር ላይ ምንም የለም። ከምሳ በፊት ቤቱም የለም፣ ጎመኑም ተረግጧል። እማዬ ስታለቅስ ትዝ አይለኝም። ፍራሹ ላይ ተቀምጣ፣ ለማንም ሳይሆን፣ «ፎቶ አጣሁ» ስትል ነው ትዝ የሚለኝ።

ስለዚህ «አፍራሾች አይደሉም፣ አንዲት ልጅ ናት ታብሌት ይዛ የምትመጣው» ብላትም አልሰማችኝም። ያን ሳምንት መብላት ቀነሰች። መደቡ አጠገብ ቆማ ትውላለች፤ አትነካውም፣ ትቆማለች ብቻ። ለኤጀንቱ ጻፍኩላቸው፣ ፈቃድ ሳልጠይቅ ተክያለሁ፣ ይቅርታ፣ ይፈቀድልኝ አልኩ። «በኢንስፔክሽኑ ዕለት እናየዋለን» የሚል መልስ መጣ። ይህንንም ነገርኳት። «እናየዋለን ያለ ሰው አይቶ አያውቅም» አለች።

ሊመጡ አንድ ቀን ሲቀራቸው ከሥራ ስመለስ ጓሮ ድምፅ ሰማሁ። ዞሬ ሄድኩ። ትልቁ ሰሌዳ ከካስማው ተነቅሎ፣ ፊቱ ወደ ግቢው ዞሮ፣ ከጎመኑ ራስጌ አጥሩ ላይ ተሰቅሏል። አራቱም ጥግ በብሎን ተመትቷል። ታጥቧል። እማዬ በርጩማ ላይ ወጥታ ጥርሱን በጨርቅ ትወለውላለች። ጋሼ ድሪል በእጃቸው ይዘው መሬት መሬት ያያሉ።

«ምንድነው ይሄ?»

«ይምጡ እንግዲህ» አለች እማዬ ሳትዞር። «ማን እንደሚያወርደው እናያለን።»

ጋሼ ወደ ጎን ወሰዱኝ። «ነግሬያቸዋለሁ። እትዬ፣ እዚህ አገር አይሠራም አልኳቸው። ‹አንቱ ብሎኑን ያጥብቁ፣ ስብከቱን ለእሑድ ያቆዩት› አሉኝ። ምን ላድርግ?»

«ጋሼ፣ ሰውዬው እኮ ተሸንፏል።»

«አውቃለሁ።»

«ነገሯት?»

«እኔ? ልጃቸው እያለሽ?» ድሪሉን ጠቅልለው ሄዱ።

የከፋው መሸነፉ አልነበረም። አጥሩን መብሳት ሊዙ ላይ በግልጽ የተከለከለ ነው። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ጓሯችን ውስጥ በምንም ነገር ላይ የተመታ ብሎን አልነበረም፤ ጎመኑን ለማዳን ብላ የሰቀለችው ነገር ነው አሁን እኛን የሚያስከስሰን። ልነግራት ተከትያት ገባሁ። ምግብ ሠርታለች። በሳምንቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠግባ በላች። «ዛሬስ እንቅልፍ ይወስደኛል መሰለኝ» አለችና ፀሐይ ሳትጠልቅ ሶፋው ላይ ጋደም ብላ ወሰዳት። ካቻቢቴ መሳቢያው ውስጥ ነበር። አወጣሁት፣ ያዝኩት፣ አፏን ከፍታ ስትተነፍስ አየኋትና መለስኩት። ሁሉን ነገር ፊት ለፊት ስናገር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ያን ቀን አልቻልኩም።

በማግሥቱ ሺፍቴን ተቀያየርኩ። ልጅቷ መጣች፤ ከኔ ታንሳለች። ጫማዋን በር ላይ ጠረገች፣ ምድጃውን ከፍታ አየች፣ መታጠቢያ ቤቱን ፎቶ አነሣች። እማዬ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሆና በየክፍሉ ተከተለቻት። የጓሮውን በር ከፈትኩ። ልጅቷ አንድ እግሯን አውጥታ ቆመች።

ከአጥሩ ላይ ሰውዬው ይስቅባታል።

እማዬ ክርኔን ያዘች። «አየሽ? ቆመች» አለችኝ በሹክሹክታ።

ልጅቷ ሳቋን ለቀቀችው። «ይሄ ሰውዬ! እናቴ ቤት ሁለት ጊዜ መጥቶ አንኳኩቷል። ተሸነፈ አይደል?»

እንግሊዝኛ ነው የምታወራው፤ ለ«ተሸነፈ» ያለቻትን «ሎስት» የምትለዋን ቃል ግን እማዬ ከሆስፒታል ጀምሮ ታውቃታለች፤ የጠፋ ዕቃ የሚቀመጥበት ክፍል በር ላይ ተጽፋ ነበር።

«ምን ጠፋ ትላለች?»

«የጠፋ የለም። ሰውዬው ምርጫውን ተሸንፏል።»

«መቼ?»

«ቤታችን ሳይመጣ በፊት።»

እማዬ ቀና ብላ አየችው። ያን ያህል የወለወለችውን ጥርስ አየችው። «ተሸንፎ ነው እንዲህ የሚስቀው?»

ልጅቷ ምን አለች አለችኝ፣ ተረጎምኩላት፣ የበሩን መቃን ይዛ ሳቀች። እማዬ ግን አልሳቀችም። ከፊቷ ላይ የሆነ ነገር ሲወርድ አየሁት። ሻርፗን ሰብሰብ አድርጋ ከመደቡ ፊት ሄዳ ቆመች፤ እንግዲህ በፎቶ ፋንታ ራሷን ማቆሟ ነው።

ልጅቷ ወደ አጥሩ ሄደች። ብሎኑን በጣቷ ነካችው። «ይሄ አጥሩ ላይ ተመትቷል፤ መውረድ አለበት። ቀዳዳውም ይደፈናል።» ፎቶ አነሣች። ከዚያ ወደ መደቦቹ ዞረች። «እነዚህስ? መሬቱ ላይ በቋሚነት የተሠሩ ናቸው?»

ጥያቄው ይህ ነበር። ሌላው ሁሉ ወሬ ነው። ቃል ፍለጋ ከምቆም ላሳያት አልኩና ጎንበስ ብዬ የጥጉን ካስማ በሁለት እጄ ይዤ ነቀልኩት። ወጣ። ሰሌዳው ተከፈተ፣ አፈር ተንዶ ጫማዬ ላይ ፈሰሰ፣ ሁለት ጎመን ከነሥሩ አዘነበለ።

እማዬ ጮኸች። «አንቺው? አንቺው ታፈርሺዋለሽ?»

«እማዬ፣ እያሳየኋት ነው…»

አልሰማችኝም። መሬት ላይ ተንበርክካ ሰሌዳውን በደረቷ ደገፈችው፤ በአንድ እጇ አፈሩን ወደ ውስጥ ትመልሳለች፣ በሌላው የወደቀውን ጎመን ትይዛለች። ያ ሁሉ የወገብ ሕመም የት እንደሄደ አላውቅም። ልጅቷ ምን እንደሆነ ሳይገባት ታብሌቷን ብብቷ ውስጥ ከታ፣ እሷም ተንበረከከችና ሌላውን ጫፍ ያዘች። ሦስታችንም ዋልካ ላይ ነን። ካስማውን መልሼ መታሁት።

«እንዲህ ነው» አልኳት፣ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። «የተሠራ ነገር የለም። ካስማና ሰሌዳ ብቻ ነው። ስንለቅ በግማሽ ቀን ይነሣል፣ ሣሩን መልሰን እንዘራለን።»

«ገባኝ» አለች። ሱሪዋ ጉልበቱ ላይ ጠቁሯል። «ያየሁትን እጽፋለሁ። የሚወስነው ግን ባለቤቱ ነው።»

ተነሥታ ልትሄድ ስትል እማዬ ቢላዋ ይዛ መደቡ ላይ ጎንበስ አለች፤ ከታች ከታች ያለውን ሰፋፊ ቅጠል ቆርጣ እቅፍ ሙሉ አሰረችና ሰጠቻት። እኔ ደነገጥኩ።

«እማዬ ተይ፣ ጉቦ ይመስላል!»

«ጉቦማ ከማየቷ በፊት ነው የሚሰጠው» አለችኝ። «ይሄ ለጉልበቷ ነው።»

ልጅቷ ተቀበለች። እንዴት እንደሚሠራ ጠየቀችን፣ እማዬ በእጇ አሳየቻት፤ እንዲህ ትከትፊዋለሽ፣ እንዲህ ነጭ ሽንኩርት፣ እንዲህ ክድን። ክድን የሚለውን ያለ አስተርጓሚ ገባት።

መልስ እስኪመጣ አራት ቀን ጠበቅን። በመጀመሪያው ቀን እማዬ ሰውዬውን ራሷ አወረደችው፤ ካቻቢቴውን ይዛ፣ ብሎን በብሎን። ቀዳዳዎቹን እኔ በእንጨት ስቱኮ ደፈንኳቸው። ለነፋሱ እንዲሆነን ሰሌዳውን ለሁለት ልቆርጠው ስል እማዬ ከተሩን ያዘችብኝ።

«አንገቱን አትቁረጪው።»

«የተሸነፈ ነው እኮ።»

«ቢሸነፍስ? እናት የለችውም?»

ከክራቫቱ በታች ቆረጥኩት። ላይኛውን ግማሽ ወደ ቦታው መለስነው፤ የታችኛው ግማሽ ከጎኑ ሆኖ ሁለቱንም መደብ ከነፋሱ ይከልላል። እማዬ ጎመኑን ስታጠጣ አየኋት። ቀስ ብላ፣ ጣቷን በጎማው አፍ ላይ አድርጋ፣ የሰው ዕቃ እንደምታጠጣ ሰው ነበር የምታጠጣው።

ኢሜይሉ የደረሰኝ መጋዘን፣ እረፍት ክፍል ነው። ቆሜ አነበብኩት። ደወልኩላት።

«መጣ።»

«ስለ ጎመኑ ምን ይላል?»

«ይቆይ ይላል።»

የቧንቧ ውሃ ሲፈስ ይሰማኛል።

«ማነው ይቆይ ያለው? ልጅቷ ናት?»

«ባለቤቱ ነው። መደቦቹ የሚነሡ ስለሆኑ ተቃውሞ የለኝም፣ ሲለቁ ሣሩን ይመልሱ ነው የሚለው።»

«በጽሑፍ ነው?»

«በጽሑፍ ነው።»

«ማኅተም አለው?»

«ኢሜይል ማኅተም የለውም፣ እማዬ።»

«ማኅተም ከሌለውማ ነገ አላልኩም ይላል» አለችና ውሃውን ዘጋችው። ድምፅዋ ወደዚያ ወደ ወንበሩ ሲመለስ ሰማሁት። ላስረዳት አልሞከርኩም።

ቢሮ ገብቼ ኢሜይሉን በወረቀት አተምኩት። ዕቃ መረከቢያው ጠረጴዛ ላይ ለሚገባው ጭነት ሁሉ የምንመታው ማኅተም አለ፤ ሰማያዊ ነው፣ «ደርሷል» ነው የሚለው፣ ከሥሩ የዕለቱ ቀን አለው። ፊርማው አጠገብ መታሁት። ጠንከር አድርጌ። ውሸት አይደለም፤ ደርሶኛል።

ቤት ስደርስ እጇን አድርቃ ጠበቀችኝ። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ወሰደችው። ጽሑፉን አላየችም፤ በጣቷ ማኅተሙን ዳሰሰች።

«ክብ አይደለም።»

«አይደለም።»

«የመንግሥት ክብ ነው።»

«የአከራይ ነው፣ የመንግሥት አይደለም። የአከራይ አራት ማዕዘን ነው።»

አየችኝ። የነቃችብኝ መሰለኝ፤ አሁንም አላውቅም። ከዚያ መኝታ ቤቷ ገብታ ፓስፖርቷና የዜግነት ወረቀቷ ያሉበትን ክላሰር አመጣች፣ አንድ ባዶ ፕላስቲክ ኪስ ፈልጋ ወረቀቱን ሳታጥፍ አስገባችው።

«ለጋሼሽ ደውይላቸው» አለች ክላሰሩን እየዘጋች። «ተሳቢያቸውን ቅዳሜ ይፈልጉታል ወይ በያቸው። ሦስተኛውን መደብ ከዚያ ወዲያ እጀምራለሁ።»